ሙታን ቢነሡ ከማን ጋር እንሸሻለን

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ እመቤት ሳቀች። ያሳቃት እኔ አይደለሁም።

ነገሩን በቅደም ተከተል ማስፈር ይሻላል። ባለቤቴ በቀዶ ሕክምና ከተገላገለች ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ፈገግ ትላለች፤ ሊጠይቃት የመጣውን ታመሰግናለች፤ ሕፃኑን ታጠባለች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ። መጋረጃውን በደማቅ ቀለም ቀይሬያለሁ፤ የምትወደውን ብርቱካን አንድ በአንድ መርጬ አምጥቻለሁ፤ ጥያቄ አላበዛሁም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን ቢኒያም ገባ፣ በርጩማ ስቦ ከአልጋዋ ፊት ለፊት ተቀመጠ፣ ስለ ዞምቢ ያወራላት ጀመር። ብዙም ሳይቆይ «ተው በማርያም! ስፌቴ!» እያለች ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

እኔ ሳሎን ተቀምጬ የዶማና የመጥረቢያ ክብደት ሠንጠረዥ ላይ አሰፍር ነበር።

ቢኒያምን ወደዚህ ቤት ያመጣሁት ራሴ መሆኔን መካድ አይቻልም። በምንሳተፍበት የአደጋ ጊዜ ዝግጁነት ሥልጠና ሁለት ሁለት ሆነን አንድ የመዳኛ እቅድ ሠርተን ዓርብ ማቅረብ አለብን። አደጋው ምን ይሁን በሚለው ላይ ብዙ ተከራክረን ነበር። አንዱ «ጦርነት» ሲል አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዷ «ኮሌራ» ስትል አንገታቸውን የደፉ ነበሩ። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠ ሰው «ለምን ዞምቢ አይሆንም?» አለና ሁሉም በእፎይታ ሳቀ። ደርሶብን ለማያውቅ አደጋ ማቀድ ይቀላል። ስለዚህ ሙታን ከየመቃብራቸው ተነሥተው፣ ያገኙትን እየነከሱ ጎንደርን ቢያጥለቀልቋት በምን እንከላከላለን፣ የትስ እንጠለላለን የሚለውን እንሠራለን። እኔ የአካባቢ ጤና መምህር ስለሆንሁ መሣሪያና ስንቅ ደረሰኝ። ቢኒያም መሐንዲስ ነውና መጠለያውን ያዘ። አራስ ጥዬ ላለመውጣት «አዘዞ እኔ ቤት እንሥራ» ያልሁት እኔ ነኝ።

ቢኒያም ኮሶዬ ተወልዶ ያደገ፣ ያላገባ፣ ረጅም ሰው ነው። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል እበልጠዋለሁ። «አያ መኳንንት» ይለኛል። በአገሩ ይህ አክብሮት ነው፤ ለታላቅ፣ ሸምገል ላለ ሰው የሚባል። የከበደኝ «ሸምገል ያለ» የሚለው ነው።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ዛሬስ ፊቷ ሸጋ ሆኗል፣ አያ» አለኝ። የሚስቴን ፊት እንዴት እንደሆነ ነገረኝ ማለት ነው።

የመሣሪያ ረቂቅ፦
ጠመንጃ። አይገባም። ድምፁ ይጠራቸዋል። ሌላውን ምክንያት መጻፍ አያስፈልግም፤ በዚህ አገር የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል።
መጥረቢያ። አጥንት ውስጥ ይቀረቀራል። ነቅሎ ለማውጣት ጊዜ ይፈጃል።
ዶማ። ከባድ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሰነዘሩ በኋላ ክንድ ይዝላል።
ሽመል። ርቀት ይሰጣል፤ አያቆማቸውም።

ቅናት ብዬ አልመዘገብሁትም። ለጊዜው ምልከታ ነው።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አማቴ እማማ ጥሩወርቅ እቅዱን በመርሕ ደረጃ ተቃወሙት። አራስ ሊጠብቁ ከዳባት ከመጡ ወዲህ በዚህ ቤት እሳቸው ያልተስማሙበት ነገር ሲጸና አላየሁም።

«ምን ትጽፋለህ፣ ልጄ?»

«ሙታን ቢነሡ በምን እንደምንመታቸው ነው፣ እማማ።»

«ምነው! የተነሣማ ታሟል ማለት ነው። ጠበል ይወሰዳል እንጂ በዶማ ይመታል?»

«ይናከሳሉ እኮ።»

«ቢናከሱስ! ጠበል ቦታ የሚናከስ አይተህ አታውቅም? እጁን በገመድ ጠፍረው ያጠምቁታል።»

ቢኒያም ከጓዳ በር ሆኖ ጣልቃ ገባ። «እማማ፣ ተዝካሩ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ሰውየው ቢመለስስ?»

አማቴ በጥሞና አሰቡበት። «እሱስ ከባድ ነው» አሉ። «ባለቀ ጠላ ምን ልንለው ነው?»

ከውስጥ የእመቤት ሳቅ ተሰማ። ዛሬም ምክንያቱ እሱ ነበር።

ያም ሆኖ ከዚህ ንግግር ቁም ነገር ያገኘሁት እኔ ነኝ። እዚህ አገር ሰው የገዛ አጎቱን ራስ በመጥረቢያ ይፈልጣል ብሎ ማቀድ ስሕተት ነው፤ ይዞ ጠበል ሊያደርሰው ይሞክራል፤ ሲሞክር ይነከሳል። ስለዚህ በመሣሪያው ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ረጅም ገመድና ወፍራም የቆዳ ጓንት አስገባሁ። እመቤት ግን ቀልዱን እንጂ ይህን አልሰማችም።

ከዚያ የጅራፉ ነገር መጣ። ቢኒያም ጅራፍ ገምዶ አምጥቷል። አሳቡ ጥሩ መሆኑን ለማመን እገደዳለሁ፦ አንድ ሰው ማዶ ኮረብታ ላይ ሆኖ ቢያጮኸው ድምፅ የሚከተሉት ሙታን ወደዚያ ይሄዳሉ፤ የቀረው ሰው በዚህ በኩል ያመልጣል። ግቢ ውስጥ ሲያጮኸው የጎረቤት ውሾች ሁሉ ተነሡ። እመቤት ጋቢ ተከናንባ ወጣች።

«እስቲ ለእኔ ስጠኝ።»

«ስፌትሽስ?»

«ስፌቴ እጄ ላይ አይደለም።»

ሰጣት። ከዚያ አያያዟን አስተካከለላት። እጇን ያዘ ብል ማጋነን ይሆናል፤ አንጓዋን በሁለት ጣቱ ወደ ላይ አቀና። የጅራፍ ትምህርት ያለ ንክኪ ሊሰጥ እንደሚችል ግን አምናለሁ።

ሕፃኑ በጩኸቱ ነቃ። ማልቀሱን የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። አቅፌው ስወጣ እመቤት ጅራፉን እንደያዘች፣ ጉንጮቿ ቀልተው፣ «አምጣልኝ፣ አያ» አለችኝ።

አያ። እሷም።

ማታ አማቴ እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ። «ክርስትናው እሑድ ነው። ዛሬም የሚያነሣው ሰው አልተገኘም?» የክርስትና አባት እንዲሆኑ ያሰብኋቸው ሦስት ሰዎች አሉ። በጠባይ፣ በቤታቸው ቅርበት፣ ቤተ ክርስቲያን በመሳም አወዳድሬያቸው ማንም ጎልቶ አልወጣም። «ነገ እወስናለሁ» አልሁ። አማቴ ወደ ጣሪያው ተመለከቱ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

መጥፎ ቀን። ጥፋቱ የሠንጠረዥ ነው፤ ማለት የእኔ ነው።

የእቅዱን ረቂቅ አትሜ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጣሁ። ስመለስ እመቤት ወረቀቱን ይዛ ቆማለች። መጠለያውን አደጋ ላይ የሚጥሉ ነገሮች የተዘረዘሩበት ገጽ ነው። ድምፅ በሚለው ርእስ ሥር እንዲህ ተጽፏል፦ የውሻ ጩኸት፣ መካከለኛ። ጄኔሬተር፣ ከፍተኛ። የሚያለቅስ ሕፃን፣ እጅግ ከፍተኛ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የስጋት ትንተና ነው። በጥቅሉ ነው የተጻፈው።»

«በጥቅሉ። በዚህ ቤት ስንት ሕፃን አለ፣ መኳንንት?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር።

«ከውሻና ከጄኔሬተር ጋር አሰለፍከው» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል በተሻለኝ። «እሺ። መፍትሔ በሚለው ለምን ባዶ ነው?»

ከውሻው አንጻር «ማሰር» የሚል አለ። ከጄኔሬተሩ አንጻር «ማጥፋት» የሚል አለ። ከሕፃኑ አንጻር ምንም የለም። ገና አልጨረስሁትም ነበር። «ገና አልጨረስኩትም» ማለትም አልሁ፤ ከአፌ ሲወጣ ነው ምን እንደሚመስል የሰማሁት።

ቢኒያም የመጣው በዚህ መካከል ነው። ከዚህ የከፋ ሰዓት ሊመርጥ አይችልም ነበር። ወረቀቱን እሷ ራሷ ሰጠችው። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። አንብቦ አጠፈውና «ያልቅስ እንጂ!» አለ። «ከእኛ ቤት በታች ፏፏቴ አለ። ዋሻው ከፏፏቴው ጀርባ ነው። እዚያ ሆኖ እስኪበቃው ቢያለቅስ አንድም ሙት አይሰማው። እናቱም አትሰማው።»

«እኔስ እሰማዋለሁ» አለች።

«አንቺማ ትሰሚዋለሽ።»

ተያዩ። የቆየው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ፊቷ ላይ ቀልድ ሳይኖር፣ «ሙታን ቢነሡ እኔ ኮሶዬ ነኝ፣ መኩ» አለች። «አንተ ሠንጠረዡን ጨርሰህ ትደርስብናለህ።»

ትደርስብናለህ። እነሱ «እኛ» ሆነዋል፤ እኔ ደራሽ ነኝ።

እዚህ ላይ በግልጽ ልጻፈው፤ ማንም አያነበውም። ሚስቴን እንዳላጣት እፈራለሁ። ያለኝ ማስረጃ ደካማ ነው፦ ጥቂት ሳቅ፣ አንድ አንጓ፣ አንድ መተያየት። ከተማሪዎቼ አንዱ ይህን ይዞ ቢመጣ «በዚህ ብቻ ድምዳሜ ላይ አይደረስም» ብዬ እመልሰዋለሁ። ፍርሃቱ ግን አልተመለሰም። ምልከታ ያልሁት ቅናት ነው። ቢኒያም ሲበላ፣ ሲራመድ፣ በር ሲከፍት አብሮኝ አለ። በቁመቱ እንኳ እቀናለሁ።

ማታ አማቴ ሽሮ እያማሰሉ በአገራቸው ስለተጣሉ ሁለት ቤተሰቦች ያወሩ ነበር። «አበልጆች ሆነው እንዲያ መባባላቸው!» አሉ። «ክርስትና ያነሣልህ ሰው ከሥጋ ዘመድ በላይ ነው። ልጅ ለልጅ አይጋባ። ሚስትህ እኅቱ ናት። በሌላ ዐይን ያያት እንደሆነ የገዛ እኅቱን እንዳየ ነው፤ ቄስም አይፈታው።»

ጉርሻዬን እንደያዝሁ ቆየሁ።

ቢኒያም አማኝ ነው። ኮሶዬ ያደገ ሰው ይህን ሕግ ከእኔ በላይ ያከብረዋል። እሷም ታከብረዋለች። ልጄን ክርስትና ያነሣ እንደሆነ ጉዳዩ ለዘለዓለም ይዘጋል፤ ማንም ሳይከሰስ፣ ማንም ሳያፍር፣ እኔም አንድ ቃል ሳልናገር።

ከዶማም ከመጥረቢያም የሚሻል መሣሪያ አገኘሁ። ሠንጠረዡ ውስጥ አላስገባሁትም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ከቢኒያም ጋር መጠለያውን ለመገምገም ኮሶዬ ሄድን። ከከተማው ወጥተን በደባርቅ መንገድ ዳገቱን ስንይዝ በሚኒባሱ መስኮት የሚገባው ነፋስ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ሹራብ ይዤ ነበር። እሱ አልያዘም፤ አልበረደውምም።

የግምገማው ውጤት፦ የአባቱ ቤት ድንጋይ ነው። በአንድ በኩል ብቻ ይገባበታል፤ በሌላው በኩል ገደል ነው። የሚራመድ ሙት ገደል መውጣት እንደማይችል ተስማምተናል። ውኃ ዓመቱን ሙሉ አለ። የገብሱ ጎተራ እስከ አፉ ሞልቷል። ወደ ዋሻው የሚያወርደው ቀጭን መንገድ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። ፏፏቴው ከተናገረው በላይ ይጮኻል፤ ተጠጋግተን ካልሆነ አልተሰማማንም። ቀዳዳ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። በሚያሳዝን ሁኔታ እንከን የለውም።

«እመቤት እዚህ ትሆናለች» አለኝ ዋሻው ውስጥ፣ በእጁ እያሳየ። «ነፋሱ አይነካትም። ልጁ በዚህ በኩል። እማማ እሳቱ ዘንድ።»

«እኔስ?»

«አንተ መግቢያው ላይ ነህ፣ አያ። ጠንቃቃ ሰው ነህ፤ አንተን አልፎ የሚገባ የለም።»

«አንተስ የት ትሆናለህ?»

«እኔማ» አለና ሳቀ፤ «እዚህም እዚያም።»

ይህን መልስ በመንገድ ሁሉ እያላመጥሁት ቆየሁ።

ስንመለስ ዋናው መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ገባን። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ቀረበልን። ንግግሬን ተዘጋጅቼበት ስለነበር ሳልደናቀፍ ተናገርሁ። እሑድ ልጃችን ክርስትና እንደሚነሣ፣ በጠባዩም በሃይማኖቱም ከእሱ የተሻለ ሰው እንዳላገኘሁ፣ የክርስትና አባት ሆኖ አበልጅ ቢሆነኝ እንደምከብር። ሁሉም እውነት ነበር። የቀረው ብቻ ነው ያልተነገረው።

የያዘውን ድንች ሳህኑ ላይ መለሰ።

ቢኒያም ዝም ሲል አይቼ አላውቅም ነበር። ዝም ሲል ሌላ ሰው ይመስላል፤ ዕድሜው ከእኔ ጋር እኩል የሆነ።

«ምነው እኔን?» አለ ቆይቶ። «ዘመድ የለህም?»

«ዘመድ አለኝ። አንተን ነው የመረጥሁት።»

«እመቤት ታውቃለች?»

«መጀመሪያ ለአንተ ነው የነገርሁት።»

መንገዱን ተመለከተ። ገለባ የጫነች አይሱዙ አለፈች። እስክትርቅ ድረስ በዐይኑ ተከተላት።

«ላስብበት፣ አያ መኳንንት።»

ከዚያ እስከ አዘዞ አንድም ቀልድ አልተናገረም። ሾፌሩ ሬዲዮ ሲከፍት እንኳ አብሮ አላንጎራጎረም።

እንዲህ ያለ ክብር የተጠየቀ ሰው ፊቱ የሚጠቁርበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው የሚታየኝ። ግምቴ ልክ ነበር። ልክ በመሆኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ይሆናል፤ ነገር ግን ደስ አላለኝም።


ዓርብ፣ ጥቅምት 7

እቅዱን አቀረብን። ማለዳ ሕፃኑን ከስጋቶቹ ዝርዝር አውጥቼ ከነዋሪዎቹ ዝርዝር አስገባሁት፦ አዋቂ አራት፣ ሕፃን አንድ። ከእመቤት ፊት እንዲህ ባደርገው ኖሮ ይጠቅም ነበር። ከአዳራሹ ፊት ማንም አላስተዋለውም።

የገመዱና የጓንቱ አሳብ ተወደደ። «ሰዎች ሙታኖቻቸውን አይመቱም፤ ጠበል ይወስዷቸዋል» ስል መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ አንዲት ነርስ «እውነቱን ነው፣ እኔም እናቴን ብትነሣ አልመታትም» አለች፤ ሳቁም ቆመ። አሠልጣኙ አጨበጨበልኝ። በሌላ ሳምንት ቢሆን ኖሮ ደስታው አያስቀምጠኝም ነበር።

ቢኒያም መጠለያውን በዝቅተኛ ድምፅ አቀረበ። ጥሩ አቀረበ። እኔን አንድም ጊዜ አላየኝም። ሲጨርስ ቦርሳውን አንሥቶ ሰላምታ ሳይሰጠኝ ወጣ። ሊረሳ የሚችል ሰው አይደለም።

ቤት ስገባ ለእመቤት ነገርኋት። የሕፃኑን ጨርቆች እያጠፈች ነበር።

«የክርስትና አባት አግኝቻለሁ።»

«ማን?»

«ቢኒያም።»

እጇ ቆመ። ያጠፈችውን ጨርቅ ፈታችው፤ እንደገናም አጠፈችው።

«ምን አለህ?»

«ላስብበት አለ።»

«እ።» ጨርቁን ከሌሎቹ ላይ አኖረችው። «ጥሩ ሰው መርጠሃል።»

ከድምፅዋ ምንም ማንበብ አልቻልሁም። ለረጅም ጊዜ ሳጠናት የኖርኋት ሴት ናት፤ ሆኖም አልቻልሁም። አማቴ ከጓዳ ሰምተው እልል አሉ። «ሸጋ ልጅ! ሸጋ! ገና ያን ዕለት በገባ ጊዜ ለዚህ ቤት ነው ብዬ ነበር።»

ለዚህ ቤት። እማማ የሚሉትን አያውቁም። ወይም ያውቃሉ።

እስካሁን አልደወለም። እምቢ ቢልስ? እምቢ ካለ ነገሩ በሦስታችን መካከል በግልጽ ተቀመጠ ማለት ነው። አቅጄ የማላውቀው አደጋ ይህ ነው።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ቢኒያም ነው። አልገባም፤ ከግቢው በር ሳያልፍ ቆመ። ፊቱ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነበር።

«እሺ» አለኝ። «አነሣዋለሁ።»

«ግባ እንጂ፣ ቁርስ ደርሷል።»

«አይ። ለነገ መዘጋጀት አለብኝ፤ ንስሐ አባቴ ዘንድ ልሂድ።» አንድ ጥቅል አቀበለኝ። «የልጁ ልብስ ነው። ልኩ ካልሆነ ይቀየራል ብለዋል።»

ስለ እመቤት አልጠየቀም። «አያ» አላለኝም።

አሸነፍሁ ብዬ ጻፍሁ፤ ከዚያ ሰረዝሁት።

ልብሱን ለእመቤት ሰጠኋት። ነጭ ነው፤ በአንገቱ ዙሪያ ወርቃማ ጥልፍ አለው። እኔ ከገዛሁት በእጅጉ ይበልጣል። የእኔን፣ ጥልፍ የሌለውን፣ እጥፍ አድርጋ መሳቢያ ውስጥ አኖረችው፤ የእሱን በጉንጯ ነካ አደረገችው። ጨርቁ ለሕፃን ቆዳ ይስማማ እንደሆነ ለመፈተሽ ነው። እናቶች እንዲህ ያደርጋሉ። የእኔን ግን በጉንጯ አልፈተነችውም።

አበልጅ ሊሆነኝ አንድ ቀን በቀረው ሰው ላይ በጨርቅ እቀናለሁ።


እሑድ፣ ጥቅምት 9

ልጄ ተጠመቀ።

አዘዞ ካለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ገና ጨለማው ሳይገፍ ደርሰን ነበር። እመቤት ከወለደች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ዛሬ መጀመሪያዋ ነው፤ ደጁ ላይ ቄሱ ጸሎት እስኪያደርሱላት አንገቷን ደፍታ ቆየች። ቢኒያም ሕፃኑን ታቅፎ ወደ ምዕራብ ዞረና በልጁ ፈንታ ሰይጣንን ካደ። ድምፁ አይሰማም ነበር፤ ዲያቆኑ «ጠንከር አድርገህ» አለው። ጠንከር አደረገ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አመነ። ልጁ ከውኃው ሲወጣ በነጩ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ደረቱ አስጠጋው። አያያዙን ያውቃል፤ የጭንቅላቱን ጀርባ በመዳፉ ደግፎ። እኔ ያን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ቤት ስንመለስ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። አማቴ ሁለቱን አቆሟቸው። ቢኒያም ጎንበስ ብሎ የእመቤትን ትከሻ ሳመ። «እንኳን ለዚህ አበቃን፣ አበልጄ» አላት። እሷም «እንኳን አብሮ አበቃን፣ አበልጄ» አለችው። እልል ተባለ። ሁለቱም ፈገግ ብለው ነበር፤ ሁለቱም ወደ መሬት ያዩ ነበር። ያሰብሁት ሁሉ እንዳሰብሁት ሆነ። በሕይወቴ አንድ እቅዴ እንዲህ ሳይዛነፍ ተፈጽሞ አያውቅም።

እንግዳ ከተሸኘ በኋላ እመቤት ብርጭቆ ልታነሣ መጣች። እኔ ወንበር እደረድር ነበር።

«ዓርብ ደውዬለት ነበር» አለች።

ለማን ብዬ አልጠየቅሁም።

«እምቢ ሊል ነበር። አልችልም አለኝ፣ መኩ። እሺ በል ያልኩት እኔ ነኝ።»

ወንበሩን አስቀመጥሁ። «ለምን?»

«አንተ ለምን ጠየቅከው?»

መልስ አልጠበቀችም።

«የማላውቅ መሰለህ? ፊትህ እኮ እንደ ሠንጠረዥህ ነው፤ ሁሉ ነገር ተጽፎበታል።» ብርጭቆዎቹን ትሪው ላይ ደረደረች። «ምንም አልተደረገም። ምንም አልተባለም። ግን አንተ የፈራኸውን እኔም ፈርቼ ነበር። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ። ደግሞ አትጻፈው።»

ትሪውን ይዛ ገባች።

እየጻፍሁት ነው። ሌላ የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም። የያዝሁት ማስረጃ ደካማ አልነበረም ማለት ነው፤ የሚፈራ ነገር ነበር። በሩን የዘጋችው ግን እሷ ናት። ሁለቱ እውነቶች በአንድ ዐረፍተ ነገር መጡብኝ፤ አንደኛውን ትቼ ሌላኛውን ልወስድ አልቻልሁም። እሱም «አልችልም» ብሏል። አልችልም ያለውን ነገር ዛሬ በሁላችን ፊት ችሎ አደረገው። ይህንንም ልጠላው ሞክሬ ነበር።


ሰኞ፣ ጥቅምት 10

አማቴ ወደ ዳባት ተመለሱ። ቢኒያም ሊሸኛቸው መጣ። ሳያንኳኳ ገባ። አማቴ ትናንት «ከእንግዲህ ቤትህ ነው፣ ማንኳኳት የለም» ብለውታል። ልከለክለው አልችልም። ፋሲካም እንቁጣጣሽም የልጁ ልደትም፣ ዕድሜ ልካችንን፣ በዚህ ቤት ወንበር አለው። አጥር አጥራለሁ ስል ቁልፍ ሰጠሁት። ይህን ቀድሜ ማስላት ነበረብኝ።

በር አጠገብ ተቀመጠ። ልጁን ከእኔ ተቀብሎ አቀፈውና «የክርስትና ልጄ፣ አባትህ ይመግቡሃል ወይ?» አለው። ከዚያ ወደ እኔ፣ «ከስቷል እኮ፣ አበልጄ» አለኝ።

«አልከሳም» አልሁት። «መዝኜዋለሁ።»

«መዝነኸዋል!» ከኮሶዬ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁን ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ የእማማን ሻንጣ ተሸክሞ ወጣ። እስከ መኪና ማቆሚያው አብሬው ሄድሁ።

ከሰዓት በኋላ ደክሞኝ አልጋዬ ላይ ጋደም አልሁ። እመቤት ከወለደች ጀምሮ ከእናቷ ጋር በዚያኛው ክፍል ነው የምትተኛው፤ እኔም ከአልጋው መካከል መተኛት ለምጃለሁ። በሩ ተከፈተ። ትራሷን በብብቷ ይዛ፣ ልጁን ታቅፋ ቆማለች። ደክሟታል። አላዘነችም፤ ደስ ያላትም አትመስልም። መጥታለች ብቻ።

ምን ማለት እንዳለብኝ እያሰላሁ ነበር።

«ፈቀቅ በል፣ መኩ» አለች።

ፈቀቅ አልሁ።